ዌብ ኮንፊግ ውስጥ የብሮውዘር መለያ ፈልጎ ላጣው ልጅ

ወንድሜ፣ «የኤኤስፒ ዶት ኔት ሳይቴ የደንበኛን ብሮውዘር ምን ብሎ እንደሚለይ ዌብ ኮንፊግ ውስጥ አጣሁት፣ አይፎን የያዙ ሰዎች ገብተው ወዲያው ይወጡብኛል» ላልከው፣ ያንተ ጉዳይ ቁርጥ የኔን ነው። (ለማያውቅ፦ ኤኤስፒ ዶት ኔት የማይክሮሶፍት የዌብሳይት መሥሪያ ነው፣ ዌብ ኮንፊግ ደግሞ የሳይቱ ቅንብር የሚጻፍበት ፋይል።) ባሕር ዳር ሆኜ ወደ ዘጌ ገዳማት ለሚሄዱ ጀልባዎች ቦታ ማስያዣ ሳይት ነበር የምይዘው።

1. ዌብ ኮንፊግ ውስጥ ብሮውዘርካፕስ የሚለውን የብሮውዘር መለያ ክፍል አትፈልግ። የድሮ ነው። ከኤኤስፒ ዶት ኔት 2.0 ወዲህ መለያው ያለው ዶት ብሮውዘር በሚባሉ ፋይሎች ነው፤ የራስህን መለያ አፕ ብሮውዘርስ በሚባለው ፎልደር ውስጥ ትጨምራለህ።

2. ፋይል እያገላበጥክ አትድከም። አንድ ባዶ ገጽ ሥራና ሪኩዌስት ዶት ብሮውዘር የሚለውን፣ ማለትም ሰርቨሩ ብሮውዘሩን ምን ብሎ እንደለየው አውጣበት፦ ስም፣ ቨርዥን፣ ኩኪስ (ሳይቱ ብሮውዘሩ ላይ የሚያስቀምጣትን ትንሽ መረጃ ይቀበላል ወይ የሚለው)። ከሥሩ ዩዘር ኤጀንቱን፣ ብሮውዘሩ ማንነቱን ለሰርቨሩ የሚናገርበትን ጽሑፍ፣ እንዳለ አስቀምጥ። ከዚያ በሚያስቸግረው ስልክ ክፈተው እንጂ በኮምፒውተርህ አይደለም። እኔ ጀልባ መነሻው ላይ የአንድ እንግዳ አይፎን ለምኜ ነው ያየሁት። ሰውየው ሳይቱን ሆም ስክሪን ላይ አስቀምጦታል፤ እንደዚያ ሲከፈት ዩዘር ኤጀንቱ ውስጥ ሳፋሪ የሚል ቃል የለም። ሰርቨራችን «ሞዚላ፣ 0.0፣ ኩኪስ ፎልስ» ብሎ ቁጭ! ስልኩ እኮ ኩኪ ይቀበላል።

3. ሆስቲንግ የሸጠህ ቢሮ ጋ አትሂድ። እኛ ስንሄድ ልጁ ከስልኩ ቀና እንኳ ሳይል «ኔትወርክ ነው» አለን። ስንመለስ ደግሞ «ትልቁን ፓኬጅ ግዙ» አሉን። ባለጀልባው አምኖ ከፈለ፣ አንዲት ነገር አልተለወጠችም፣ ያ ብር እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። የዚያን ገጽ ስክሪንሾት ይዤ ስሄድ ግን ጭጭ አሉ። ብሩን ግን ማን ይመልስ!

መፍትሔው ዌብ ኮንፊግህ ውስጥ የተጠቃሚ መግቢያውን (ሎግኢን) የሚቆጣጠረው ፎርምስ የሚለው ታግ ላይ ነው። እዚያ ኩኪለስ የሚለውን ምርጫ ካልሞላህ ሲስተሙ በራሱ ዩዝ ዲቫይስ ፕሮፋይል ይወስዳል፣ ማለትም ያንን የተሳሳተ መለያ ያምናል። አምኖም የመግቢያ ትኬቱን፣ ሰውየው መግባቱን የሚያሳየውን፣ በኩኪ ፋንታ የገጹ አድራሻ ውስጥ ይወትፈዋል፤ በቅንፍ ኤፍ ብሎ የሚጀምር ረጅም ዝባዝንኬ ታያለህ። በስላሽ የሚጀምር ሊንክ ሲነካ ትኬቱ ይወድቃል፣ ሰውየው ወጣ ማለት ነው። ይባስ ብሎ ያንን ሊንክ በቴሌግራም ለጓደኛው ከላከ ጓደኛው በሱ ስም ይገባል። ኩኪለስ የሚለው ላይ ዩዝ ኩኪስ ብለህ ጻፍበት፣ አለቀ።

ደግሞ ማታ አድርገው። ዌብ ኮንፊግ ሴቭ ሲደረግ አፕሊኬሽኑ እንደ አዲስ ይነሳል፣ ቀን ላይ ከሆነ ቦታ በመያዝ ላይ ያለውን ደንበኛ ሴሽን፣ ሰርቨሩ የያዘለትን ጊዜያዊ መረጃ፣ ታጠፋበታለህ።