ሳንድ ብላስቱ ከ5 ደቂቃ በኋላ መርጨት ቢያቆም

ትንንሽ ብሎኖች በሳንድ ብላስት (በአየር ግፊት ብናኝ እየረጨ ዝገት በሚያነሳ መሣሪያ) ስታጸዳ ሽጉጡ ከ5 ደቂቃ በኋላ ጋርኔት (የሚረጨውን ጠንካራ የድንጋይ ብናኝ) መርጨት ያቆማል፣ ሻጩም በዋስትና አልቀይርም ብሎሃል። ሽጉጡን ለጊዜው ተወው። እኔ የምጠረጥረው እርጥበት ነው። አየር የሚያምቀው ኮምፕሬሰር ሲሞቅ አየሩ ውሃ ይዞ ይመጣል፣ ጋርኔቱም ይጓጉላል። አንድ እፍኝ ዘግነህ ጨብጠው። እጅህን ስትከፍት ካልተበተነ እርጥብ ነው።

1. የኮምፕሬሰሩን ታንከር ውሃ ከሥሩ አፍስስ።
2. የውሃ ማጣሪያውን ከኮምፕሬሰሩ ራቅ አድርገህ ግጠም። አየሩ መንገድ ላይ ሲቀዘቅዝ ነው ውሃው የሚለየው።
3. ጋርኔቱን አድርቀህ በወንፊት ንፋው።

ካልተሻለው የኖዝሉን (የሽጉጡን አፍ) ቀዳዳ ለካ። ዲያሜትሩ 6 ሚሊሜትር የነበረው ተበልቶ 8 ከደረሰ አየር የሚያልፍበት የገጽ ስፋት 1.8 እጥፍ ገደማ ሆኗል፤ አነስተኛ ኮምፕሬሰር ያንን አይችልም። ብሎኖቹን ደግሞ በሽቦ ወንፊት ቅርጫት ያዛቸው፣ ከእጅ ያመልጣሉ።

ስለ ዋስትናው፦ ኖዝል አላቂ ዕቃ ስለሆነ ብዙ ጊዜ አይሸፈንም፣ የሽጉጡ አካል ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ብቻ አደራ፣ እንዳትፈታው! እኔ አንዴ ፈትቼ ካየሁ በኋላ ብጠይቅ «ተነካክቷል» ብለው መለሱኝ። ሲያቆም በቪዲዮ ቅረጸው፣ ከደረሰኙ ጋር ላክላቸው፣ መልሱንም በጽሑፍ ይስጡህ።