ባዮኒክ ዓይን የልብሱን ጥራት አይጨምርም (ስለ ሪምዎርልድ ለጠየቅከው ልጅ)

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን አይቼ ዝም ብዬ ማለፍ አቃተኝ። እኔንም ለረጅም ጊዜ ያንገበገበኝ ጉዳይ ነው። ሪምዎርልድ በሚባለው የኮምፒውተር ጌም ላይ ክራፍቲንግ ስኪላቸው (ዕቃ የመሥራት ችሎታቸው) 8 የሆነ ሁለት ሰዎች አሉህ። አንዱ አንድ ዓይኑን አጥቷል፣ ሌላው ሙሉ ጤነኛ ነው። አንድ ወቅት ሙሉ ልብስ አሰፋሃቸው። ጤነኛው ጥራታቸው «ጉድ» (ጥሩ) እና ከዚያ በላይ የሆኑ 12 ልብሶች አወጣ፣ አንድ ዓይናው 7። አሁን ጥራቱ እንዲጨምር ባዮኒክ (ሰው ሠራሽ) ዓይን ልግዛለት ወይ ነው ጥያቄህ።

አትግዛ። ቢያንስ ለዚህ ብለህ አትግዛ።

1. ሁለቱም በጠቅላላው ስንት ልብስ እንደሰፉ አልጻፍክም። ነገሩ ሁሉ ያለው እዚያ ላይ ነው። ዓይንና እጅ የሚነኩት የሥራውን ፍጥነት ነው። ጤነኛው በአንድ ወቅት ብዙ ይሰፋል። ብዙ የሰፋ ሰው ብዙ ጥሩ ልብስ ቢያወጣ ምን ይገርማል? ከ40 ልብስ 12 እና ከ24 ልብስ 7 ማለት እኮ ያው 30 በመቶ ገደማ ነው። በወቅት ሳይሆን በፍሬ ቁጠር።

ጥራት በዕጣ ነው የሚወሰነው፤ ዕጣው የሚወጣው ደግሞ ዕቃው ባለቀባት ቅጽበት ነው። በዚያች ቅጽበት ጌሙ የሚያየው የሠሪውን ስኪል ነው። ሠሪው ኢንስፒሬሽን (ለጊዜው የሚመጣ የፈጠራ መነሣሣት) ላይ ከሆነ ጥራቱ ሁለት ደረጃ ይጨምራል። የአይዲዮሎጂ ማስፋፊያው ካለህና ሰውየው ፕሮዳክሽን ስፔሻሊስት (የምርት ባለሙያ) የሚባለውን ሹመት ከያዘ አንድ ደረጃ ይጨመርለታል። በቃ። ዓይኑን አያይም፣ እጁን አያይም። ጨለማ ክፍል ውስጥ ብታሠራውም ሥራው ይዘገያል እንጂ ልብሱ አይበላሽም። ስኪሉ 20 የደረሰ ሰው እንኳ ያለ እነዚህ ሁለት ነገሮች ከማስተርዎርክ አያልፍም፤ የመጨረሻዋን የጥራት ደረጃ ሌጀንደሪን አያያትም።

2. ስኪሉን ሳታስር አትፈትን። ሠሪው እየሠራ ይማራል። በ8 ጀምሮ በ10 የጨረሰ ሰው የስኪል 8 መረጃ አይሰጥህም። የመማር ፍጥነታቸውም አንድ አይደለም፤ ለሥራው ፍቅር የሌለው ሰው 35 በመቶ ብቻ ሲማር፣ እሳት የሆነው 150 በመቶ ይማራል። ጤነኛው ልጅህ ክራፍቲንግ ስኪሉ አጠገብ የእሳት ምልክት ካለው፣ ስታወዳድር የነበረው ዓይንን አልነበረም።

እዚህ ላይ የሚያበግነኝን ነገር ልንገርህ። «ዓይንና እጅ ጥራት ይጨምራሉ» የሚል አንድ ሰንጠረዥ አለ። ያላጋራው ሰው የለም። አንተም ሳታየው አልቀረህም። አምዶቹ ያማሩ ናቸው፣ ቀለም ተቀብተዋል፣ ግን የትኛው መስመር ከስንት ዕቃ እንደመጣ አንድም ቦታ አልተጻፈም። ሠሪዎቹ ሲጀምሩና ሲጨርሱ ስኪላቸው ስንት እንደነበርም የለም። ባለቤቱን በትሕትና ጠየቅኩት። «ጌሙን ለማያውቅ ሰው አላስረዳም» አለኝና ጥያቄዬን አጠፋው። ስንቱ ሰው በዚያ ሰንጠረዥ ምክንያት ብሩን ለልብስ ሰፊው ባዮኒክ አፍስሷል!

ስለዚህ ራሴው ቁጭ ብዬ ሠራሁት። ዴቭ ሞድ (ጌሙን እንደፈለጉ የሚለውጡበትን ሁነታ) ከፈትኩ። የሁለቱንም ስኪል እኩል አደረግኩ። ብዙ ጨርቅ የማይፈልግ ኮፍያ መረጥኩ፣ ጥቂት ካሰፋሁ በኋላ ስኪላቸው ሳይነቃነቅ ወደ ሴቩ (ቀድሜ ወዳስቀመጥኩት የጌሙ ቅጂ) እመለሳለሁ። አንዱን ዓይኑን አጠፋሁት፣ ሌላ ምንም አልነካሁም። ኢንስፒሬሽን ላይ ሆነው የሠሩትን ከቆጠራ አወጣሁ፤ ይህቺን ብዙ ሰው ይረሳታል፣ ደስተኛ ሠሪ ኢንስፒሬሽን ስለሚያገኝ ውጤቱን ያዛባዋል። ልዩነቱ ጠፋ። ዛሬ ያንን የሙከራዬን መዝገብ እየወሰዱ የሚጠቀሙበት ልጆች አሉ፣ ደስ ይለኛል።

ትዕግሥት ግን ይጠይቃል። ዕድሉ ከአምስት አንድ ነው እንበል። 30 ዕቃ ብታሠራ ስድስት ትጠብቃለህ፣ ግን 2 ብታገኝም 10 ብታገኝም ያው ዕጣ ነው፣ ምንም አልተለወጠም። 1000 ብታሠራ ከ175 እስከ 225 አካባቢ ይወድቅልሃል። ያኔ ነው ማውራት የሚቻለው። ያንተ 12 እና 7 ገና ምንም አይናገሩም።

ባዮኒክ ዓይኑን ግዛ ካልክ ለሐኪምህ ግጠምለት። ቁስል ማከምና ቀዶ ሕክምና ላይ ዓይንም እጅም በእርግጥ ይቆጠራሉ፤ 125 በመቶ የሚሠራው ባዮኒክ አካል ዋጋው የሚታየው እዚያ ነው። ሥጋ የሚበልተው ሰውም ይጠቀማል፣ ዓይኑና እጁ ደህና ሲሆኑ ከአንድ እንስሳ የሚወጣው ሥጋ ይበዛል። ልብስ ሰፊውን ግን ብዙ ዕቃ ቶሎ ካልፈለግክበት ተወው፣ አንድ ዓይናው ስኪሉ ከፍ ካለ የተሻለ ጃኬት የሚሰፋልህ እሱ ነው።

መጨረሻ ላይ ስለ ሌላው ጌም «ድዋርፍ ፎርትረስስ?» ብለሃል። የሪምዎርልድን መልስ ወደዚያ አትውሰድ። እዚያ ድዋርፎቹ ሲሠሩ ስኪላቸው ብቻ ሳይሆን አካላቸውና አእምሯቸውም አብሮ ያድጋል። ሁለቱን ለይቶ መፈተን በጣም ይከብዳል። ከመጀመርህ በፊት የሴቩን ፎልደር ኮፒ አድርገህ አስቀምጥ፣ ከእያንዳንዱ ዙር በኋላ ወደዚያ ኮፒ ተመለስ። የልብሶቹን ጠቅላላ ቁጥር ካገኘኸው ደግሞ እዚሁ ሥር ጻፍልኝ፣ አብረን እናየዋለን።