ሻማው የኦክስጅንን ድርሻ ይለካል?

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን የሳይንስ መምህርት ነኝ። ውኃ በያዘ ሳሕን ላይ ሻማ አብርተን ብርጭቆ እንደፋበታለን። ሻማው ሲጠፋ ውኃው ወደ ብርጭቆው ይገባል፤ እኔም «ይህ የተቃጠለው ኦክስጅን ቦታ ነው፣ አንድ አምስተኛ» እላለሁ። በሦስት ሻማ ስንሞክረው ግን ውኃው የባሰ ከፍ አለ። ለምን? ደግሞስ እኛ ከፍታ ላይ ስለሆንን ኦክስጅኑ ከ21 በመቶ አያንስም?

መልስ፦ ሻማው ሦስት ስለሆነ በብርጭቆው ውስጥ ያለው ኦክስጅን አይጨምርም፤ የሚጨምረው ሙቀቱ ነው። ብርጭቆውን ሲደፉ የሞቀው አየር ይለጠጥና ከፊሉ በአፉ ሥር አረፋ እየሠራ ያመልጣል። የቀረው ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፣ ውኃውም ይገባል። ልብ ብለው ይዩት፦ ውኃው በብዛት የሚገባው ሻማው እየነደደ ሳይሆን ከጠፋ በኋላ ነው። በዚያ ላይ ሻማ ኦክስጅኑን አይጨርስም፤ ድርሻው ወደ 16 በመቶ ገደማ ሲወርድ ይጠፋል፣ በተቃጠለውም ምትክ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይተዋል። አንድ አምስተኛ ቢመጣልዎ እንኳ አጋጣሚ ነው።

ለዚህ ዝገት ይሻላል፤ ብረት ሲዝግ የአየሩን ኦክስጅን ይወስዳል፣ በምትኩም ጋዝ አይተውም። ቀጭን የብረት ሽቦ፣ ድስት የሚፈተግበትን ዓይነት፣ ያዘጋጁ። የማይዝገው አይሆንም፤ የሚያብረቀርቀው አብዛኛው እንዲያ ነው፣ ስለዚህ ቁራጩን በአቼቶ አርሰው አሳድረው ይፈትኑት። የሚዝገውን ቅባቱ እንዲለቅ አቼቶ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ ነክረው በውኃ ያለቅልቁ፣ በደንብም ያራግፉ። አቼቶ ከቀረበት ከብረቱ ጋር ሃይድሮጅን ይፈጥርና ውኃውን ወደ ታች ይገፋዋል። ሽቦውን ፈታ አድርገው ቁመቱ 20 ሴንቲ ሜትር በሆነ፣ ወጥ ስፋት ባለው ብርጭቆ ታች እንዳይወድቅ ይወትፉትና በውኃ ላይ ይድፉት። ሁለት ሦስት ቀን፣ ውኃው መውጣቱን እስኪያቆም፣ አይነካ። የሳሕኑ ውኃ ተንኖ የብርጭቆው አፍ ከተጋለጠ ሥራው ሁሉ ከንቱ ነው፤ በየቀኑ ይጨምሩበት። ሲያነቡ የክፍሉ ሙቀት እንደ መጀመሪያው ቀን ይሁን። ወደ 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ይወጣል። 2 ላይ ከቆመ ሽቦው አንሷል ወይም ቅባቱ አልለቀቀም።

የቀረው ጋዝ ሁሉ ናይትሮጅን ነው እንዳይሉ። ደረቅ አየር 78.08 በመቶ ናይትሮጅን፣ 20.95 ኦክስጅን፣ 0.93 አርገን ነው፤ ብዙ የሚወራለት ካርቦን ዳይኦክሳይድ 0.04 ገደማ ብቻ፣ ከአርገን ከሃያ እጥፍ በላይ ያነሰ። አርገን ከምንም ጋር ስለማይዋሃድ እስከ 1894 እ.ኤ.አ. ድረስ ማንም ለይቶ አላወቀውም። እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ሬይሊ ከአየር የወሰደው ናይትሮጅን ከኬሚካል ከተሠራው በጥቂቱ ከብዶ ባያገኘው ኖሮ እሱና ኬሚስቱ ራምዚ ባልፈለጉት ነበር።

ከፍታውን በተመለከተ፣ ድርሻው አይቀንስም፤ ደብረ ብርሃንም 20.95 ነው። የሚያንሰው ግፊቱ ነው። በ2,800 ሜትር ገደማ የአየር ግፊት ከባሕር ጠለሉ 70 በመቶ አካባቢ ስለሆነ፣ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። የብርጭቆው ሙከራ ግን የሚያሳየው ድርሻን ስለሆነ ከፍታው ውጤቱን አይለውጠውም።