ባሕር በሌለበት አገር የሽሪምፕ በሽታ ማጥናት ያዋጣል?

«ደሴ ነኝ፣ በባዮሎጂ ተመርቄያለሁ። ማስተርሴን ሽሪምፕ የሚባለውን የባሕር እንስሳ በሚገድል የባክቴሪያ መርዝ ላይ መሥራት አስቤ ነበር፤ ጓደኞቼ ግን ‹ባሕር በሌለበት ምን ልትበዪበት ነው?› ይሉኛል» ላልሽን እህታችን፦

ጓደኞችሽ አልተሳሳቱም። ከሐይቅ እስከ ኮምቦልቻ ብትዞሪ ሽሪምፕ አርቢ አታገኚም። ግን ከዚህ ጥናት የምትይዥው ሙያ፣ መርዝ የሚያመርተውን ባክቴሪያ ከማያመርተው መለየት፣ እዚሁም ይፈለጋል።

የሽሪምፑ በሽታ በእንግሊዝኛ ምህጻሩ ኤኤችፒኤንዲ ይባላል። በ2009 እ.ኤ.አ. ቻይና ታየ፤ በ2013 ሜክሲኮ ደርሶ ነበር። ጫጩቶቹ ኩሬ በገቡ በ35 ቀን ውስጥ ይረግፋሉ። ሲከፈቱ የጉበትና የቆሽትን ሥራ የሚሠራው አካል ገርጥቶ ሟሽሿል፤ አንጀቱም ባዶ ነው። አምጪው በዋናነት ቪብሪዮ ፓራሄሞሊቲከስ የተባለ ባክቴሪያ ነው፤ ያውም ሁሉም ዝርያው አይደለም። ፒር-ኤ እና ፒር-ቢ የተባሉትን መርዞች የሚያሠሩት ጂኖች 70 ሺህ ቤዝ (የዲኤንኤ ፊደል) ገደማ በሚረዝም ፕላዝሚድ፣ ማለትም ከዋናው ክሮሞሶም ውጭ ባለ ትንሽ የዲኤንኤ ቀለበት፣ ላይ ናቸው። ፕላዝሚዱ ወደ ሌሎች ቪብሪዮዎች ይሻገራል፤ ጂኖቹም ከላዩ ሊጠፉ ይችላሉ። ስለዚህ ቲሲቢኤስ (ቪብሪዮ የሚበቅልበት ምግብ) ሳህን ላይ አረንጓዴ ኮሎኒ፣ ማለትም የባክቴሪያ ክምር፣ አይቶ «አገኘሁት» ማለት አያስኬድም። አረንጓዴው ባክቴሪያው ሱክሮስ የተባለውን ስኳር እንዳላፈላ ብቻ ነው የሚነግርሽ፤ ሱክሮስ አፍልቶ ቢጫ የሆነ ዘመዱም መርዙን ሊይዝ ይችላል። ፍርዱ ሁለቱንም ጂኖች የሚፈልግ ፒሲአር (የተፈለገውን ዲኤንኤ አባዝቶ የሚያሳይ ምርመራ) ነው።

በሳልሞኔላ እጁን ያፍታታ ሰው እዚህ ጋ ይሰናከላል። ቲሲቢኤስን እንደ ለመደው ኦቶክሌቭ (በእንፋሎት ግፊት ጀርም የሚገድል ማሽን) ይከተዋል፤ ቲሲቢኤስ ግን ፈልቶ ሲሟሟ ይበቃዋል። ቪብሪዮው የሚፈልገውን ጨውም ይረሳል፦ ትሪፕቲክ ሶይ ብሮዝ የተባለው ፈሳሽ የባክቴሪያ ምግብ በሊትር 5 ግራም ጨው አለው፤ 2 በመቶ ለማድረስ 15 ግራም ይጨመርበታል። ሌላው፣ ለማይክሮስኮፕ ሥጋውን እንዳለ በሚያቆየው በዴቪድሰን ፈሳሽ የተነከረ ናሙና ዲኤንኤው ስለሚጎዳ ለፒሲአር የሚሆነው ለብቻው በኢታኖል ይቀመጣል።

እኔ ብሆን ፕሮፖዛሉን ወደ ሐይቅ ቆሮሶ (ቲላፒያ ዓሣ) አዞረው ነበር። ኤሮሞናስ ሃይድሮፊላ የተባለው ባክቴሪያ ዓሣ ያሳምማል፣ ኤሮላይሲን የሚባል መርዝ አለው፣ ተጨማሪ ጨውም አይጠይቅም። ጥያቄው ግን ያው ነው፦ ከዓሣው ያወጣሽው ኮሎኒ የመርዙን ጂን ይዟል ወይስ አልያዘም?

እስከዚያው ከትምህርት ክፍልሽ ደብዳቤ ይዘሽ ኮምቦልቻ ያለውን የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ ለልምምድ ጠይቂ። መስታወት ከማጠብ አልፈሽ ዲኤንኤ ማውጣትና ጄል ማስኬድ (የፒሲአሩን ውጤት በመስመር ማየት) መቻልሽን አስቀድመሽ አረጋግጪ። ሲቪሽ ላይ «ፒሲአር እችላለሁ» ብቻ አትበዪ። ስንት ናሙና እንደሠራሽ፣ የትኛውን ጂን እንደፈለግሽ፣ ዲኤንኤ የሌለበት ማነጻጸሪያ (ኔጌቲቭ ኮንትሮል) መታየት የሌለበትን መስመር (ባንድ) ሲያሳይ ምን እንዳደረግሽ ጻፊ።