አዲስ የውክፔዲያ አርታዒዎች ጠየቁ፤ እኔም መለስኩ

ውክፔዲያ ላይ መጻፍና ማረም ከጀመርኩ ዓመታት ሆኖኛል። አስተዳዳሪ አይደለሁም፣ መሆንም አልፈልግም። አዲስ የሚመዘገቡ ሰዎች ግን እየዞሩ ያንኑ ነገር ስለሚጠይቁኝ፣ ዛሬ የመጣውን ሁሉ በአንድ ላይ ልመልስ ቁጭ ብያለሁ።

ጥያቄ፦ ትናንት ማታ የመጀመሪያ እርማቴን አደረግኩ። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ አንድ ሰው አጠፋብኝ። ምን በደልኩት?

አልጠፋም ወንድሜ፤ ተመልሶ ነው፤ ማለትም ሰውየው ገጹን ከአንተ በፊት ወደነበረው ቅጂ መልሶታል። ገጹ አናት ላይ «ታሪክ» የሚለውን ብትነካ እስከ ዛሬ የተቀመጠው ቅጂ ሁሉ ተደርድሮ ታገኘዋለህ፦ መቼ፣ በማን፣ ስንት ባይት ተጨምሮ ወይም ተቀንሶ፣ ምን ተብሎ። ያንተንም እዚያው አየሁት። የአንድ ወንዝ ርዝመት ላይ አንድ ቁጥር አንስተህ ሌላ ቁጥር አስገብተሃል። ምንጭ የለውም፣ ምን እንደለወጥክ የምትገልጽበት የማጠቃለያ ሳጥንም ባዶ ነው። እንግዲህ ራስህን በዚያ ሰው ቦታ አስቀምጠው። ቁጥር እየቀያየሩ የሚዝናኑ ሰዎች በየቀኑ ይመጣሉ፤ ስድብ ከሚጽፈው ይልቅ የምንፈራው እነሱን ነው፣ ምክንያቱም ስድብ ወዲያው ይታያል፣ የተቀየረ ቁጥር ግን ለዓመታት ተደብቆ ይቀመጣል። ያንተ ለውጥ ከእነሱ የሚለይበት ምንም ምልክት አልነበረውም።

ቁጥሩን ከነምንጩ መልሰህ አስገባ። ማጠቃለያው ላይ «ርዝመቱን በአዲሱ የልኬት ሪፖርት መሠረት አስተካክያለሁ» የሚል አንድ መስመር ጻፍ። ሰውየው እንደገና ከመለሰው ግን አንተም አትመልስ፤ «ውይይት» ወደሚለው ገጽ ሂድና እዚያ ጠይቀው። ደፍረህ ትጽፋለህ፣ ይመለስብሃል፣ ትወያያለህ። ሥራው እንዲህ ነው የሚሄደው።

ጥያቄ፦ መልሶ ማስገባት የሚፈቀደው ስንት ጊዜ ነው?

የእያንዳንዱ ቋንቋ ውክፔዲያ የራሱ ደንብ አለው። በእንግሊዝኛው በአንድ ገጽ ላይ በ24 ሰዓት ውስጥ የሌላን ሰው ሥራ ከ3 ጊዜ በላይ መመለስ ያሳግዳል። ይህ ማለት ግን በቀን 3 ጊዜ የመመለስ ራሽን አለህ ማለት አይደለም፤ ሁለት ጊዜ መልሰህም ብትሆን ነገርህ ጠብ ከመሰለ ልትታገድ ትችላለህ።

የራሴን ልንገራችሁ። አንዴ ከአንድ አርታዒ ጋር «ሐይቅ ነው» እና «ሐይቅ ነበር» በሚል ተጣላን። ሐይቁ ደርቋል አልደረቀም ነው ነገሩ። እኔ «ነበር» እላለሁ፣ እሱ «ነው» ይላል፣ ሌሊቱን ሙሉ። ሁለታችንም ለአንድ ቀን ታገድን። እገዳው ሲያልቅ ተመልሼ ሳይ፣ ሦስተኛ ሰው መጥቶ ዓረፍተ ነገሩን ምንጭ የለውም ብሎ ከነጭራሹ አንስቶታል። ትክክል ነበር።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ እኔ ለ30 ዓመት ያስተማርኩት የትምህርት ዘርፍ ላይ ያለው ገጽ ስህተት ሞልቶታል። የማውቀውን ቁጭ ብዬ ጻፍኩ። «ምንጭ ይጠቀስ» የሚል ለጠፉብኝ። የ30 ዓመት ዕውቀት ምንጭ አይሆንም?

መምህር፣ ቅሬታዎ ይገባኛል፤ ከሁሉም ጥያቄ ከባዱም ይኸው ነው። እርስዎን የተጠራጠረ የለም። ችግሩ ግን ከመጻፊያው ጀርባ ማን እንዳለ የሚያይ ሰው አለመኖሩ ነው። በእንግሊዝኛው ውክፔዲያ የሃይማኖት ጥናት ፕሮፌሰር ነኝ እያለ ሲከራከርና ሲከበር የኖረ አንድ አርታዒ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2007 የ24 ዓመት ወጣት መሆኑ ታወቀ። እንግዲህ «እኔ አውቃለሁ» የሚለውን ቃል ከተቀበልን ከእርስዎም ከእሱም እኩል ልንቀበል ነው። ስለዚህ የማንንም ማዕረግ አንጠይቅም፣ ሁሉንም ሰው ምንጭ እንጠይቃለን። ዋናው መለኪያ አንባቢው በራሱ ሄዶ ማረጋገጥ መቻሉ ነው።

የእርስዎ 30 ዓመት የሚጠቅመው ሌላ ቦታ ላይ ነው። እኔ አንድ ነገር ለማረጋገጥ ሦስት ቀን እፈልጋለሁ፤ እርስዎ የትኛው መጽሐፍ፣ ስንተኛው ምዕራፍ ላይ እንደሚገኝ ከመቀመጫዎ ሳይነሱ ያውቃሉ። የትኛው መጽሐፍ እንዳረጀ፣ የትኛው አሁንም እንደሚታመንም ያውቃሉ። እኛ የጎደለን ይኼ ነው። የጻፉት ሁሉ ይቆይ፤ በየአንቀጹ ጫፍ መጽሐፉንና ገጹን ይጨምሩበት። በየትኛውም መጽሐፍ ያልወጣ፣ እርስዎ ራስዎ የደረሱበት ሐሳብ ካለ ግን እሱን አይጻፉ፤ መጀመሪያ ሌላ ቦታ ያሳትሙትና ከዚያ ይመጣል። ያሳተሙት መጽሐፍ ካለዎትም መጥቀስ ይቻላል፣ ግን የእርስዎ መሆኑን ውይይቱ ላይ ይናገሩ፣ በየመስመሩም አያብዙት።

ጥያቄ፦ ፌስቡክ ላይ የተጻፈ ምንጭ ይሆናል? ጋዜጣስ?

ፌስቡክ በአጠቃላይ አይሆንም፤ ማንም አርሞ፣ አጣርቶ ያወጣው ነገር አይደለም። ጋዜጣ ይሆናል፣ ግን አንድ ወጥመድ አለው። ጋዜጠኛው ከውክፔዲያ ገልብጦ ይጽፋል፤ በኋላ አንዱ መጥቶ ያንኑ ጋዜጣ ለውክፔዲያው ምንጭ አድርጎ ይጠቅሰዋል። ውሸቱ ክብ ዞሮ እውነት ይሆናል። ስትጠራጠሩ የጋዜጣውን ቀን ከገጹ ታሪክ ጋር አስተያዩ። ዓረፍተ ነገሩ ገጹ ላይ የገባው ጋዜጣው ከመውጣቱ በፊት ከሆነና ቃሉ ከቃሉ ጋር አንድ ከሆነ፣ ምንጭ ሳይሆን መስተዋት ነው ያገኛችሁት።

ጥያቄ፦ ስለ ራሴ ወይም ስለ ድርጅቴ ገጽ ልክፈት?

አትክፈት። ስለ አንተ ሌሎች፣ ከአንተ ጋር የማይገናኙ ሰዎች፣ በሰፊው ጽፈው ከሆነ አንድ ቀን ሌላ ሰው ይከፍተዋል። ከተከፈተ በኋላ ደግሞ ገጹ ያንተ አይሆንም፤ የሚያኮራህ ብቻ ሳይሆን የሚያሳፍርህም ምንጭ ካለው ይገባበታል። ድርጅቱ ደመወዝ የሚከፍልህ ከሆነ ይህንኑ በግልጽ ማሳወቅ ግዴታ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ በአጠቃቀም ውሉ ውስጥ ተጽፏል። የተሳሳተ ነገር ካየህ ውይይቱ ላይ አመልክት፣ ሌላ ሰው ያርመዋል።

ጥያቄ፦ አንድ ድምፃዊ ላይ «ተወዳጅ» ብዬ ብጽፍ «ገለልተኛ አይደለም» ተባልኩ። ሰው ሁሉ የሚወደው እውነት አይደለም እንዴ?

እህቴ፣ የጻፍሽውን ከፍቼ አየሁት። እንዲህ ይላል፦ «በሺዎች ልብ የነገሠው፣ ተወዳጁና ባለ ወርቃማ ድምፁ አርቲስት ለሙዚቃው ዓለም የማይረሳ አሻራ አኑሯል»። ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው፣ ግን አንድም መረጃ የለበትም። ስንት አልበም አወጣ? መቼ? ማን ሸለመው? ይህን እንዲህ ለውጪው፦ «ድምፃዊ ነው። ሦስት አልበሞች አውጥቷል፤ ሁለተኛው የዓመቱ ምርጥ አልበም ተብሎ ተሸልሟል»፣ ከዚያ ምንጭ። መወደዱን አንባቢው ከሽልማቱ ይረዳዋል።

በአማርኛ ስንጽፍ ሁለት ነገር ያሳስተናል። አንደኛው «ይባላል»፣ «እንደሚነገረው» የሚለው ነው። ማን ነው የሚለው? ስሙን መጥራት ካልቻልሽ ተይው። ሁለተኛው አንቱታ ነው። «ተወለዱ» ወይስ «ተወለደ»? እዚህ ላይ አርታዒዎች አይስማሙም። እኔ ለሁሉም ባለ ታሪክ አንድ ዓይነት አጻጻፍ ይሁን ባይ ነኝ። አለበለዚያ ለምንወደው «አንቱ»፣ ለምንጠላው «አንተ» እያልን ሳናውቀው እንፈርዳለን። ቢያንስ አንድ ገጽ ውስጥ ከ«ተወለዱ» ተነስተሽ «ሞተ» ላይ አትድረሺ።

ጥያቄ፦ ከእንግሊዝኛው መተርጎም ይፈቀዳል? በማሽንስ?

መተርጎም ይፈቀዳል፤ ጽሑፉ ሌሎች እንዲጠቀሙበትና እንዲለውጡት በሚፈቅደው በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ የወጣ ነው። ግን ፈቃዱ ጸሐፊዎቹ እንዲታወቁ ስለሚጠይቅ፣ ማጠቃለያው ላይ ከየትኛው ቋንቋ፣ ከየትኛው ገጽ እንደተረጎማችሁ ጻፉ። ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል።

ማሽን የሰጣችሁን እንዳለ መለጠፍ ግን አይሆንም። ስኮትላንድ ውስጥ በሚነገረው በስኮትስ ቋንቋ ያለው ውክፔዲያ ላይ የደረሰውን አስታውሱ። እ.ኤ.አ. በ2020 እንደታወቀው፣ ቋንቋውን የማይችል አንድ አሜሪካዊ ወጣት ለዓመታት ብዙ ሺህ ገጾችን ጽፎበት ነበር፤ ክፋት አልነበረበትም፣ እየረዳ መስሎት ነው። ትንሽ ቋንቋ ላይ የሚያርም ሰው ጥቂት ስለሆነ አንድ ሰው ያበላሸው ብዙ ጊዜ ይቆያል። የእኔ ምክር፦ አንብበው የተረዱትን መጽሐፉን ዘግተው እንደሚናገሩት አድርጋችሁ ጻፉ። ዓመተ ምህረቱ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ሳትጽፉ አትለፉ። ምንጩንም ከፍታችሁ ካላያችሁት አብራችሁ አትቅዱት።

ጥያቄ፦ ፎቶ ከጉግል ማውረድ ይቻላል?

አይቻልም። ተገኘ ማለት ነፃ ነው ማለት አይደለም። ራሳችሁ ያነሳችሁትን ወይም ባለቤቱ በነፃ ፈቃድ የለቀቀውን ኮመንስ ላይ፣ ማለትም የውክፔዲያ ፎቶዎች የሚቀመጡበት ድረ ገጽ ላይ፣ ጫኑ።

ጥያቄ፦ በሕይወት ስላለ ሰው ሁሉም የሚያውቀው ወንጀል ቢኖርስ? ብጽፈው ምን አለበት?

እዚህ ላይ ነው ቀልድ የማላውቀው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2005 አንድ ሰው በጆን ሲገንታለር ገጽ ላይ በአሜሪካው ፕሬዚዳንት በኬኔዲ ግድያ ተጠርጥሮ እንደነበር የሚያስመስል የፈጠራ ወሬ ጻፈ። ሲገንታለር የተከበረ ጋዜጠኛ ነበር። ወሬው አራት ወር ያህል ማንም ሳይነካው ቆየ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ የእንግሊዝኛው ውክፔዲያ ያልተመዘገበ ሰው አዲስ ገጽ እንዳይከፍት ከለከለ፤ በሕይወት ስላሉ ሰዎች ያለው ጥብቅ ደንብም ከዚያ በኋላ መጣ።

ደንቡ አጭር ነው፦ በሕይወት ስላለ ሰው የተጻፈ፣ ምንጭ የሌለው ወይም ምንጩ ደካማ የሆነ ክስ ወዲያው ይነሣል። «ምንጭ ይጠቀስ» ተለጥፎበት አይጠበቅም፣ ውይይትም አይጠበቅም። ውይይት ገጹ ላይም ቢሆን አይጻፍም። «ሁሉም ያውቃል» ካልክ ያወቁበትን የታተመ ዘገባ አምጣ።

ጥያቄ፦ አስተዳዳሪ ለመሆን ስንት ዓመት ይፈጃል?

በዓመት አይለካም፤ ሰው ያምንሃል ወይ ነው። በእንግሊዝኛው የአስተዳዳሪዎች ምልክት የወለል መወልወያ ነው። ገጽ መሰረዝ፣ መቆለፍ፣ ሰው ማገድ ይችላሉ። «ሐይቅ ነው ወይስ ነበር» የሚለውን ግን እነሱ አይፈርዱም።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ እኔው ነኝ፣ መምህሩ። መጽሐፎቹን ከነገጻቸው አስገባሁ። ውይይቱ ላይም ጻፍኩ፤ ነገር ግን ማን እንደጻፈው አይታይም።

ፊርማ ረስተው ነው መምህር። ውይይት ላይ በጻፉት መጨረሻ ይህችን ምልክት አራት ጊዜ ያድርጉ፦ ~~~~። ሲያስቀምጡት ስምዎንና ሰዓቱን ራሱ ይጽፈዋል። ዋናው ገጽ ላይ ግን አይፈርሙ።

ያስገቡትንም አሁን አየሁት። አራተኛው አንቀጽ ላይ ያለው ብቻ የገጽ ቁጥር ይጎድለዋል። እሱን ከሞሉ በኋላ «ምንጭ ይጠቀስ» የሚለውን መለጠፊያ እርስዎ ራስዎ ማንሣት ይችላሉ፤ የለጠፈው ሰው እስኪመጣ መጠበቅ አያስፈልግም።