መልስ፦ ከሞት በኋላ ሕይወት አለ ብዬ ካላመንኩ ለቅሶ ቤት ምን ልበል?

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ያለው ጓደኛህ አባቱ ሞተውበት ምን እንደምትለው ለጨነቀህ፦ ስለ አባቱ የምታውቀውን አንድ እውነተኛ ነገር ንገረው። «ቤታችሁ ስመጣ ሻይ ሳልጠጣ አይለቁኝም ነበር» በለው። የማታምንበትን መናገር የለብህም።

ከዚያ ሥራ ያዝ። የእድሩን ወንበር አውርድ፣ ድንኳን ወጥር። በድሬ ሙቀት እዚያ ለሚውለው ሰው ቀዝቃዛ ውሃ አዙር። ሌላው «ነፍስ ይማር» ወይም «አላህ ይርሀማቸው» ሲል በአክብሮት ዝም በል። ማንም አይመረምርህም።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቅ። የግሪኩ ፈላስፋ ኤፒኩረስ ከ2,200 ዓመት በላይ በፊት፣ እኛ እስካለን ሞት የለም፣ ሞት ሲመጣ ደግሞ እኛ የለንም ብሎ ተከራክሯል። የራስን ሞት ፍርሃት ለማስታገስ ጥሩ መድኃኒት ነው፤ እኔንም በጣም ረድቶኛል። ጓደኛህ ግን የሚያለቅሰው ለራሱ ሞት አይደለም። አባቱን አጥቶ የቀረው እሱ ነው። ይህን ክርክር ድንኳን ውስጥ ያነሳ ሰው አይቻለሁ፤ የሟቹን ልጆች ክፉኛ አስከፋቸው። እባክህ አታንሳው።

ከሠልስቱ በኋላ ሰው ሲበተን ተመልሰህ ሂድ። ብዙ ሐዘንተኛ ስለ ሟቹ ማውራት የሚፈልገው ያኔ ነው።