ኤም 15 እና የእናቴ ድፎ ዳቦ

ጥያቄህ ባጭሩ ይህ ነው፦ የአንድ ግሎቡላር ክላስተር (በስበት ተሳስበው እንደ ኳስ የተጠጋጉ የብዙ ኮከቦች ስብስብ) ኮከቦች ከአንድ የጋዝ ደመና የተወለዱ እኩዮች ናቸው ከተባለ፣ ዩሮፒየም የሚባለው ከባድ ንጥረ ነገር መጠናቸው ለምን ይለያያል? እያንዳንዱ በሆዱ ሠርቶት ነው?

አይደለም። እኔም ደብረ ብርሃን ፊዚክስ ማስተማር ስጀምር እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። ኮከብ ምድጃ ነው፣ ከባዱን ሁሉ እዚያው ያበስላል እያልኩ አስተምሬያለሁ፤ ተማሪዎቼ ይቅር ይበሉኝ። ዛሬ ኤም 15 በሚባለው ግሎቡላር ክላስተር ውስጥ የምናያቸው ኮከቦች ክብደታቸው ከፀሐይ ያነሰ፣ 12 ቢሊዮን ዓመት ያለፋቸው ሽማግሌዎች ናቸው። ዩሮፒየም የሚሠራ እሳት የላቸውም። ሲወለዱ ይዘውት ነው የመጡት።

ከብረት የሚከብዱት ንጥረ ነገሮች በአብዛኛው የሚሠሩት ኒውትሮን (ኤሌክትሪክ ሙሌት የሌለው የአቶም ቅንጣት) በመዋጥ ነው። መንገዱ ሁለት ነው። በቀርፋፋው መንገድ ኒውክሊየሱ (የአቶሙ እምብርት) አንድ ውጦ እስኪረጋጋ ጊዜ ያገኛል። ይህ በዕድሜያቸው ማብቂያ ባበጡ ቀይ ኮከቦች ውስጥ ይካሄዳል። ፖል ሜሪል እ.ኤ.አ. በ1952 ቴክኒሺየም የሚባለውን ንጥረ ነገር ያገኘው በእንዲህ ዓይነት ኮከቦች ላይ ነው፤ በጥቂት ሚሊዮን ዓመታት የሚጠፋ ነገር እዚያ ከተገኘ ትኩስ መሆን አለበት። በፈጣኑ መንገድ ግን ኒውትሮኑ እንደ ክረምት በረዶ ይወርድበታል፣ መተንፈሻ የለውም። ዩሮፒየምና ወርቅ በዋናነት ከዚህ ነው።

አሁን ወደ ኤም 15። ብረቱ በሁሉም ኮከቦች ላይ እኩል ሊባል ይችላል፣ ከፀሐይ ጋር ሲነጻጸር 200ኛ እጅ ገደማ። ዩሮፒየሙ ግን ከኮከብ ኮከብ በእጥፍና ከዚያም በላይ ይለያያል። ባሪየም የሚባለው ሌላው ከባድ ንጥረ ነገርም አብሮት ከፍ ዝቅ ይላል። ስለዚህ ምንጫቸው አንድ ነው፣ ፈጣኑ መንገድ።

እናቴ ድፎ ስታዘጋጅ ጨዉን ከሊጡ ጋር አብራ ታሸዋለች። ጥቁር አዝሙዱን ግን ስትጨርስ ነው ጣል የምታደርገው፣ አንዳንዴም በቅጡ ሳታዳርሰው። ወንድሜ አዝሙድ የሞላበት ቁራሽ ይደርሰዋል፣ እኔ ባዶ። ጨዉ ግን ለሁለታችንም ያው ነው። ብረቱ ጨው ነው፤ ብዙ ሱፐርኖቫዎች (የሚፈነዱ ኮከቦች) ረጭተውት ተዳርሷል። ዩሮፒየሙ ከአንድ ብርቅ ፍንዳታ ዘግይቶ የገባ አዝሙድ ይመስላል።

የትኛው ፍንዳታ? እ.ኤ.አ. በ2017 ሁለት የኒውትሮን ኮከቦች (ከፈነዱ ኮከቦች የቀሩ እጅግ የታመቁ እምብርቶች) ሲላተሙ ታይቷል፣ ከፍንጣሪውም ስትሮንቲየም የሚባል ከባድ ንጥረ ነገር ተለይቷል። ብዙዎች ነገሩ አለቀ አሉ። እኔን አላሳመነኝም። ሁለቱ ኮከቦች ተቀራርበው እስኪላተሙ ጊዜ ይወስዳል፣ ክላስተሩ ደግሞ ጋዙን ቶሎ ነው የሚጨርሰው፤ አዝሙዱ ሲደርስ ሊጡ አልቆ ይሆናል። ብርቅ የሆነ የሱፐርኖቫ ዓይነት ነው የሚሉም አሉ፤ ክርክሩ አልተዘጋም።

ኤም 15ን ማየት ከፈለግህ በጥቅምት ምሽት 2 ሰዓት ላይ ውጣ። እኛ ሰሜን ሸዋ ላይ ከአናታችን በላይ ነው የሚያልፈው፣ ኤኒፍ ከሚባለው ኮከብ አጠገብ። አንገትህን ከምትሰብር ጋቢህን ተከናንበህ በጀርባህ ተኛ፤ ውርጩን ግን ቻለው። ባለ ሁለት ዓይን የሩቅ ማያ መነጽር ይበቃል፤ እንደ ትንሽ ጭጋግ ሆኖ ይታይሃል። አምና አንድ ተማሪዬ ሲያይ «ቲቸር፣ መስታወቱ ቆሽሿል» አለኝ። በጋቢው ጫፍ ጠርጎ ደግሞ አየ። ጭጋጓ እዚያው አለች።